በከዋክብት መካከል ያለው የማይታይ ብርሃን

ሌሊት በከዋክብት መካከል የሚታየው ጨለማ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። እጅግ የሳሳ ጋዝ አለበት። ጋዝ ስንል ለፋኖስ የምንቀዳውን ሳይሆን እንደ አየር ያለውን ነገር ማለታችን ነው።

የእኛ ፀሐይ የምትገኝበት የከዋክብት ማኅበር ፍኖተ ሐሊብ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው። ከዚህ ሰፌድ ርቀው በላይና በታች የሚገኙ ቀዝቃዛ የጋዝ ደመናዎች ታይተው ነበር። በዙሪያቸው ምንም ከሌለ እንደ ጢስ ተበትነው መጥፋት ይገባቸዋል፤ እነርሱ ግን አልጠፉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ላይማን ስፒትዘር ይህን መርምረው፥ ደመናዎቹን ከውጭ የሚጫን ሙቀቱ 1 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል የሆነ የሳሳ ጋዝ መኖር አለበት ሲሉ ጻፉ። ጋዙን ያየ ሰው አልነበረም፤ ማስረጃቸው ስሌት ብቻ ነበር።

1 ሚሊዮን ዲግሪ ሲባል ሁሉን የሚያነድ እሳት ይመስላል። ቢላዋ ሲሳል ከድንጋዩ የሚረጨው ፍንጣሪ ግን እጅግ የጋለ ሲሆን፥ እጅ ላይ ቢወድቅ ብዙም አያቃጥልም፤ ኢምንት ነውና። ይህም ጋዝ እንዲሁ ነው። በአንድ ኩብ ሳንቲሜትር ስፍራ ውስጥ አንድ አቶም እንኳ አይሞላም።

ታዲያ በምን ይታያል? እንዲህ የጋለ ጋዝ ምልክቱን የሚሰጠው ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን ደግሞ አየራችን ውጦ ያስቀረዋል፤ ለቆዳችን ደግ ነገር፥ ለተመራማሪ ግን እንቅፋት ነው። ቴሌስኮፕ ከየትኛውም ተራራ ጫፍ ላይ ቢተከል አይረዳም። ፕሮፌሰር ስፒትዘር ገና በ1946 ዓ.ም. ቴሌስኮፕ ከአየር በላይ ይውጣ ብለው ሐሳብ ያቀረቡ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ አንዲት ሳተላይት እንኳ አልመጠቀችም ነበር።

በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ኮፐርኒከስ የተባለችው ሳተላይት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን ቴሌስኮፕ ይዛ ወጣች። ከሩቅ ከዋክብት በመጣው ብርሃን ውስጥም ከ8 ኤሌክትሮኖቹ 5ቱን የተገፈፈ ኦክስጅን ጥላውን ጥሎ ተገኘ። ኦክስጅን እንዲህ የሚገፈፈው በ300 ሺህ ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው።

ይህ ጥላው ነበር። የጋዙን የራሱን ብርሃን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣችው ፊውዝ የተባለች ሳተላይትና በ2003 ዓ.ም. የመጠቀች የኮሪያ ሳተላይት ለቅመውታል። ጋዙን የሚያግሉት በሞታቸው ሰዓት የሚፈነዱ ታላላቅ ከዋክብት ናቸው፤ ጋዙም ያን ሙቀት በአልትራቫዮሌት እየረጨ ይቀዘቅዛል፥ ቀዝቅዞም ወደ ደመናነት ይመለሳል።