“አገር ሠርቷል፣ ተዉት” ለምትሉ

ሰሞኑን ስለ ሥልጣን ገደብ በለጠፍኩት አጭር ጽሑፍ ሥር ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የሳሞአን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቱኢላኤፓ ሳይሌሌ ማሊኤሌጋኦይን ይዞብኝ መጣ። “ቲቸር፣ ሰውየው 22 ዓመት ገዛ፣ አገሩን ሠራ፣ አንድ ጥይት አልተኮሰም። ታዲያ ገደብ የሚሉት ነገር ምን ያደርጋል?” ነው ያለው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከሥሩ “እውነት ነው”፣ “አገር የሠራ ሰው ይከበር” እያላችሁ ደረደራችሁ። ኮመንት ላይ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ እዚህ ልመልስ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ፣ የሠራውን አልክድም። ሳሞአ ደቡብ ፓስፊክ ላይ ያለች፣ ሕዝቧ 200,000 ገደማ የሆነ የደሴቶች አገር ናት። ቱኢላኤፓ ሌፓ ከምትባል መንደር ወጥቶ፣ ኒውዚላንድ ተምሮ፣ በ1981 ፓርላማ ገባ። የፋይናንስ ሚኒስትር ሆኖ ሠራ። በኖቬምበር 1998 ቶፊላው ኤቲ አሌሳና በሕመም ሲለቅ ወንበሩን ያዘ። ደፋር ነበር። በሴፕቴምበር 2009 የአገሩን መኪና በሙሉ ከቀኝ መስመር ወደ ግራ መስመር አዛወረ፤ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ ያገለገለ መኪና እንዲገባ ብሎ ነው። ሰው ተቃወመ፣ ሰልፍ ወጣ፣ እሱ ግን አደረገው። በዚያው ወር ሱናሚ መጥቶ ከ140 በላይ ሰው ሲገድል የራሱ መንደር ሌፓም ፈራረሰች፤ ከዚያም ተነሡ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር የሥራ ቀናቸው እንዲገጥም ብሎ አገሪቱን የቀን መለወጫውን መስመር አሻገራት። ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን አልነበረም። ሕዝቡ ሐሙስ ማታ ተኝቶ ቅዳሜ ነቃ። (እኛ ጳጉሜን የምንቆጥር ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ አላየንም።)

እንግዲህ “አገር ሠርቷል” ስትሉ ይኼን ማለታችሁ ከሆነ እስማማለሁ። ግን እዚሁ ላይ አትቁሙ፤ ወደ 2016ም እንሂድ። በዚያ ዓመት ምርጫ፣ ገለልተኛ የነበሩት ከተቀላቀሉት በኋላ፣ ፓርቲው ከ50 መቀመጫ 47ቱን ያዘ። ተቃዋሚ ተብሎ በሕግ የሚታወቅ ቡድን ለመሆን የሚበቃ ቁጥር እንኳ ከወዲያ ማዶ አልቀረም። መቶ በመቶ የተያዘ ምክር ቤት እኛም በ2015 አይተናልና ብዙ አላብራራም። የሚጠይቅ የሌለበት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

በ2018 ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ከተወጉ በኋላ ሞቱ። ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም፤ ነርሶቹ የበጠበጡበት ፈሳሽ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሆኖ ነው። መንግሥት ግን ክትባቱን ለወራት አቆመው። ወላጆች ፈሩ፣ ሽፋኑ ወረደ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ሲገባ 83 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። 83ን ከ200,000 ጋር አስተያዩት። ወደ እኛ አገር ሕዝብ ብታሰፉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕፃን ማለት ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ሥራ ሁሉ አስቁሞ ቤት ለቤት ከተበ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ደጁ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ታዘዘ። ጥሩ ዘመቻ ነበር። ግን የዘመቻው ፎቶ ላይ “አገር የሠራ መሪ” ብላችሁ ስትለጥፉ፣ ከዘመቻው በፊት የነበሩትን ባዶ ወራት ማን ይጠየቅባቸው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የተናደድኩትም እዚህ ላይ ነው።

በ2020 ሦስት ረቂቅ ሕጎች አመጣ። የመሬትና የባህላዊ ማዕረግ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቁጥጥር እንዲወጣ የሚያደርጉ ናቸው። ሳሞአ ውስጥ አብዛኛው መሬት በባህል የሚያዝ ስለሆነ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ምክትሉ ፊያሜ ናኦሚ ማታአፋ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፣ ተቃውማ በሴፕቴምበር ሥልጣኗን ለቀቀች። ፋስት የሚባል አዲስ ፓርቲ መሪ ሆና ተወዳደረች። ኤፕሪል 9 ቀን 2021 ሲቆጠር 25 ለ25፣ አንድ ገለልተኛ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሳሞአ ሕገ መንግሥት ከፓርላማው ቢያንስ አሥር በመቶው ሴት እንዲሆን ይላል። አምስት ሴቶች ተመርጠዋል፤ ከ51 አምስት ማለት 9.8 በመቶ ነው። ምርጫው ካለፈ ከቀናት በኋላ የምርጫ ኮሚሽነሩ “ስድስተኛ ያስፈልጋል” ብሎ አንዲት የገዢው ፓርቲ ሴት ጨመረ። ገለልተኛው ወደ ፊያሜ ሲሄድ ታዲያ 26 ለ26 ሆነ። ለሴቶች ተብሎ የተጻፈ ድንጋጌ የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ለማገጃ ዋለ! ፍትሐዊ ልሁንና፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቆይቶ ስድስት መሆን እንዳለባቸው ተቀብሏል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ጊዜው ግን አልነበረም፣ የምርጫ አቤቱታዎችና የማሟያ ምርጫዎች ሳያልቁ አይሆንም ነው ያለው።

ርዕሰ ብሔሩ አዲስ ምርጫ ጠራ። ሜይ 17 ፍርድ ቤቱ የስድስተኛዋን መጨመርም፣ የአዲሱን ምርጫ ጥሪም ሻረ። ሕገ መንግሥቱ ፓርላማው ከምርጫው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ይሰብሰብ ይላል። 45ኛው ቀን ሜይ 24፣ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ማታ ርዕሰ ብሔሩ ስብሰባውን አገደ። እሑድ ዳኞች ተቀምጠው እገዳውን ሻሩ። በዕለተ እሑድ! ሳሞአ እሑድን እንዴት እንደሚያከብር የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሰኞ ጠዋት ዋናው ዳኛ ሳቲኡ ሲማቲቫ ፔሬሴ ካባውን ለብሶ፣ የዳኛ ፀጉሩን ደፍቶ ወደ ፓርላማው በእግሩ ሄደ። በሩ ተቆልፏል። ልብ በሉ፣ ይኼ ዳኛ በ2020፣ በራሱ በቱኢላኤፓ መንግሥት ዘመን የተሾመ ነው። ሕዝቡ መስክ ላይ መዝሙር እየዘመረ ቆየ፣ ማታ ላይ ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ሥር ፊያሜ ቃለ መሐላ ፈጸመች። እኛ ዘንድ ድንኳን ወይ ለለቅሶ ነው ወይ ለሠርግ፤ የዚያን ቀኑ የትኛው እንደነበር ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ቱኢላኤፓ የአገር ክህደት ነው አለ። ከቢሮም አልወጣም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 23 የድንኳኑ መሐላ የጸና ነው፣ መንግሥቱም ከሜይ 24 ጀምሮ የፊያሜ ነው ብሎ እስኪፈርድ ድረስ ሁለት ወር አገሪቱ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበራት። ከዚያ በኋላ ነው የወጣው።

“አንድ ጥይት አልተኮሰም” ላላችሁ፦ ሳሞአ ጦር ሠራዊት የላትም። ፖሊስ ነው ያላት። የሌለን ጦር ስላላዘመተ የምናመሰግነው ከሆነ መመዘኛችን ምን ያህል እንደወረደ አስቡት። ሰላሙን የጠበቁት መስክ ላይ የዘመሩት ሰዎች፣ እሑድ የሠሩት ዳኞች፣ ደግሞም ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ወረቀት ላይ “45 ቀን” ብሎ የጻፋት ቁጥር ናቸው። የቀን መለወጫውን መስመር ያሻገረ ሰው ያቺን ቁጥር ማሻገር አልቻለም።

“አገር የሠራ ሰው ይከበር” ላላችሁስ? ይከበር እንጂ! ማን ከለከለ? ግን ለሠራው ደመወዙን በልቷል፣ በመኪናው ሄዷል፣ በሄደበት ሁሉ ሰው ተነሥቶለታል። መንገድ የሠራ መሐንዲስ መንገዱን አይወርስም፤ ትምህርት ቤት ያሠራ ርዕሰ መምህር ተማሪዎቹ አይሆኑለትም። እኔ ስንት ዓመት አስተማርኳችሁ፣ አሁን ቤታችሁ ገብቼ ልዘዝ? ሰውየው ግን እግዚአብሔር ነው የሾመኝ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ይኼ የሚመጣው ሃያ ሁለት ዓመት “አንተ ከሌለህ አንሆንም” ሲባል ነው። ያን የሚለው ደግሞ እንደናንተ ያለ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ለዚህ ነው ኮመንታችሁን እንደ ቀልድ ያላለፍኩት።

ፊያሜንም መልአክ አላደርጋትም። የገዛ ፓርቲዋ በ2025 ተሰነጠቀ፣ በሜይ በጀቷ ወደቀባት፣ ፓርላማው ተበተነ። ኦገስት 29 በተደረገው ምርጫ ያቋቋመችው አዲስ ፓርቲ ሦስት መቀመጫ ብቻ አገኘ። ቱኢላኤፓም እዚያው ምርጫ ላይ፣ በ80 ዓመቱ፣ ፓርቲውን ይዞ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ያሸነፈው ላአኡሊ ሌኡአቴያ ነው፤ በሴፕቴምበር ፓርላማው ውስጥ ገብቶ ማለ። ያኔ በሩን የቆለፈ አልነበረም፣ እሷም ቢሮው ውስጥ አልቀረችም።