ለቅሶ የደረሰና ያልደረሰ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። የገና ጾም ሊፈታ አምስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ሰፈራችን ያለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ብራዚልን ያሳያል፤ ድምፁ ግን ተዘግቷል፤ የቤቱ ባለቤት በሌላ በኩል መዝሙር ከፍታለች። ስታዲየሙ የሳንቶስ ክለብ ነው። ኳስ የሚጀመርበት መሐል ክብ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ከሥሩ የፔሌ አስከሬን ያለበት ሳጥን ተቀምጧል።

«ድንኳን ጥለውለታል» አሉ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ከብርጭቋቸው ቀና ሳይሉ።

በነገራችን ላይ እዚያም 10 ሰዓት ነበር። ልዩነታችን ስድስት ሰዓት ስለሆነ የብራዚል ሰዓትና የእኛ አቆጣጠር ቁጥራቸው አንድ ነው፤ እነሱ ከጠዋቱ 10 ሲሉ እኛ ከቀኑ 10 እንላለን። የ10 ቁጥር ለባሹ ለቅሶ የተጀመረው በሁለታችንም ሰዓት 10 ላይ ነው ማለት ነው። ነገሩ ትርጉም የለውም፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ገጠመኝ አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሽማግሌው ፔሌን የሚቆጥሩት በ1954 ዓ.ም. ነው። ጥር ላይ የእኛዎቹ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ብራዚል ቺሊ ውስጥ የዓለምን ዋንጫ የወሰደችው በዚያው ዓመት ነው። «እኛም እነሱም ባለዋንጫ ነበርን» ይላሉ፣ ጎረቤት እንደነበርን ሁሉ። ፔሌ በዚያ ውድድር በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ቀሪውን ከዳር ሆኖ እንደተመለከተ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም።

የሳንቶስ ስታዲየም፣ ቪላ ቤልሚሮ የሚባለው፣ 16 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ትንሽ ሜዳ ነው። በሩ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ፣ ክለቡ እንዳለው ከ230 ሺህ በላይ ሰው አለፈበት። ወረቀት አውጥቼ አካፈልኩት፤ በደቂቃ 160 ሰው ይመጣል። ሌሊቱን ጨምሮ ማለት ነው። ስለዚህ ቆሞ ማልቀስ የለም፣ ሳጥኑን መዳሰስ የለም፤ ለሕዝቡ የተተወው መተላለፊያ እንጂ መቆሚያ አልነበረም። ሰው ለሰዓታት ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ ከርቀት አንድ ጊዜ አይቶ፣ አማትቦ ይወጣል። አንዳንዱ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጓል።

ፔሌ ሳንቶስን የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ እዚህ ሜዳ ላይ ሲጫወት አላየውም። አባቱ የነገረውን ይዞ ነው የመጣው፤ አያቱ የነገረውን። ብዙዎቻችን ስማቸውን እንጂ መልካቸውን ለማናውቃቸው ዘመዶች ለቅሶ ሄደናል፤ አባታችን «ውለታ አለብን» ስላሉን ብቻ። ያ ሰልፍ እንዲያ ነበር።

ትልልቅ ሰዎችስ? ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ሁለት ቀናቸው የነበረው ፕሬዚዳንት ሉላ በማግሥቱ ጠዋት ደረሱ። የፊፋው ጂያኒ ኢንፋንቲኖ መጀመሪያውኑ ነበሩ። እሳቸው እንኳ ጉድ አፍልተዋል፤ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው በስልክ ፎቶ ሲነሡ ታዩና ዓለም ተነሣባቸው። ኋላ የፔሌ የቀድሞ የቡድን ጓደኞችና ቤተሰቦች ፎቶ እንነሣ ብለው ጠይቀዋቸው፣ ስልኩን መያዝ ላቃተው አንዱ እየረዱ እንደነበር አስረዱ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው እለያለሁ፤ ብዙም አልፈርድባቸውም። ለቅሶ ቤት መጥቶ ያልተገባ ነገር ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ አለመምጣት ሌላ ነው። ሰውዬው መጥተዋል። የየአገሩ ማኅበራት አንዳንድ ስታዲየም በፔሌ ስም እንዲሰይሙም እዚያው ጠየቁ፤ ሩዋንዳ ሦስት ወር ሳይሞላ የኪጋሊውን ሜዳ በስሙ ሰየመች።

ሽማግሌው ግን ፎቶውን ከጉዳይም አልቆጠሩት። ዓይናቸው ድንኳኑ ሥር ነው።

«ተጫዋቾቹ የታሉ?» አሉኝ።

«የትኞቹ ጋሼ?»

«ዋንጫ የበሉት ናቸዋ! አምስት ጊዜ በልተው የለ?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን የብራዚል ጋዜጦችም ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ዋንጫ ከበላው ቡድን የሳንቶስ ጓደኛው ክሎዶአልዶ ነበር። ከ1994ቱ ማውሮ ሲልቫ መጣ። የቀረውን በጣት መቁጠር ይቻላል። ሮናልዶ አልታየም፤ ካካም እንዲሁ። በዚሁ ሜዳ አድጎ ስም ያወጣው ኔይማር ያን ጊዜ ፓሪስ ነበር፤ በኢንስታግራም የሐዘን መልእክት ጽፎ አባቱን ላከ።

በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድር ስም ጠርቶ ቀሪውን ይቀጣል። ሐዘንተኛ ያን ቀን ምንም የማያይ ይመስላል፤ ሰልስቱ ሲወጣ ግን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ጥላ ይዞ ዳር ቆሞ እንደተመለሰ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሠርግ የቀረ ይታለፋል። ለቅሶ የቀረ ግን ከዓመታት በኋላ በሌላ ነገር ሲጣሉ ይነሣበታል። በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ይፈቀዳል፤ እሱም ቢሆን አገር ቤት በገባ ማግሥት፣ ሻንጣውን ሳይፈታ፣ ያችን በር ማንኳኳት አለበት። ኳስ ተጫዋቾች ዕድር የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ያን ሰኞ የገንዘብ ያዡ ሣጥን በሞላ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘበዋለሁ። ፔሌ ራሱ ለቅሶ የቀረ ሰው ነው። ፍርድ ቤት ልጅነቷን አረጋግጦላት እሱ ግን ሳይቀበላት የኖረች ሴት ልጅ ነበረችው። የዚያችው የሳንቶስ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆና አገልግላለች፤ ንጉሡ ያልፈለጋት ልጅ የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍም አሳትማለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በካንሰር ስትሞት አባቷ ቀብሯ ላይ አልተገኘም። ልጆቿ ግን ሊሞት ሲል ሆስፒታል ሄደው አያታቸውን ጠየቁት። እኔ ከዚያ 24 ሰዓት ሰልፍ ይልቅ የእነዚያ ልጆች የሆስፒታል መንገድ ይከብደኛል። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም፤ የ1954 ዓ.ም. ፔሌያቸውን ልወስድባቸው አልፈለግኩም።

በማግሥቱ በሩ ተዘግቶ ሳጥኑ በእሳት አደጋ መኪና ላይ ተጫነ። ሳይገቡ የቀሩት ከመኪናው ጋር እየሮጡ ሸኙት። አስከሬኑ በከተማው ዞሮ ካናል 6 በሚባለው ሰፈር እናቱ ቤት ደጃፍ ደረሰ። ዶና ሴሌስቴ ያን ጊዜ 100 ዓመታቸው ነበር። እህቱ ሰገነቱ ላይ ወጥታ አለቀሰች፤ ሕዝቡ ከታች አጨበጨበ። ለእናትየው ስለ ልጃቸው እንደነገሯቸው፣ እሳቸው ግን በራሳቸው ዓለም ስላሉ ነገሩ እንዳልገባቸው ከዚያ በፊት የተናገረችው ይህችው እህት ናት። መርዶ ተነግሮ መርዶ ሳይሆን ሲቀር የሰማሁት ያኔ ነው።

የተቀበረው 14 ፎቅ ባለው የመቃብር ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሕንፃው ቪላ ቤልሚሮ ይታያል፤ ቦታውን የመረጠውም ለዚሁ ነው ይባላል። ያረፈበት ክፍል ወለል ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል፤ አሁን ሰው እየገባ ይጎበኘዋል።

ሳንቶስ በዚያው በአውሮፓውያኑ 2023 መጨረሻ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ያን ቀን ስታዲየሙ አካባቢ መኪና ተቃጥሏል፤ ያቃጠሉት ዓመት ሳይሞላ እዚያው መንገድ ላይ ተሰልፈው ካለቀሱት መካከል እንደማይጠፉ እጠረጥራለሁ። ክለቡም ሁለተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ እስካለን ድረስ 10 ቁጥርን ማንም አይለብስም አለ፤ ዓመቱን ያለ 10 ቁጥር ተጫውቶ፣ አንደኛ ወጥቶ ተመለሰ።

ከዚያ ኔይማር ወደ አገሩ ገባ። ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእረፍት መልስ ተቀይሮ ቪላ ቤልሚሮ ሜዳ ላይ ሲገባ ጀርባው ላይ 10 ቁጥር ነበር። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «መጀመሪያ መቃብሩ ዘንድ ሄዷል?» አሉኝ።