የቮልሷ ራዲዮና የባለቤቴ ግራ ጆሮ



ዛሬ ወደ ጤና ጉዳይ የምገባው በመኪና ራዲዮ በኩል ነው። ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝና ታዩታላችሁ።

ባለቤቴ ከትልቋ ልጃችን በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ቮልስ አለችው። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ እኔንም ለሌሊት ተረኛነት ሆስፒታል ያደረሰች መኪና ናት። እኛ ጡረታ ስንወጣ እሷም አብራን ወጣች፤ አሁን የምትንቀሳቀሰው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ከቂርቆስ ተነስተን፣ በካዛንቺስ አድርገን ዑራኤልን ተሳልመን፣ ከዚያ ልጃችን ዘንድ ምሳ እንበላለን። የ10 ዓመቱ የልጅ ልጃችን ሲመሽ ከእኛ ጋር ይመለሳል።

በመኪናዋ ውስጥ ካሴት የሚያጫውት የቆየ ራዲዮ አለ። በበሮቹ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከሮች ተገጥመዋል። ከካሴቶቹ መካከል አንዱ ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ነፍሷን ይማርና አማቴ በሠርጋችን ሰሞን የመረቀችን ምርቃት ያለበት ነው። ባለቤቴ ይህን ካሴት ለልጅ ልጁ ማሰማት ይወዳል።

ከጥቅምት ወር ጀምሮ ግን ማማረር አበዛ። «የግራው ስፒከር ሞቷል፤ የቀኙም ይጮኻል እንጂ የሚለው አይገባኝም፤ የእናቴን ድምፅ እንኳ መለየት አቃተኝ» ይላል። ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ልጁ ጆሮውን በእጁ ይይዛል፤ እኔ እቆጣለሁ። እሁዳችን በዚህ መንገድ ተበላሸ።

ድሮ ራዲዮ የሚጠግንልን ሰው ሱቁ ካዛንቺስ ነበር። ካዛንቺስን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ያ ጠጋኝም እንደ ብዙ ጎረቤቶቹ አካባቢውን ለቀቀ። ስለዚህ ቂርቆስ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ሄድን። ባለቤቴ ገና ሲያየው «ይህ ልጅ ካሴት አይቶ ያውቃል?» አለኝ።

ልጁ ግን አሠራሩ ደስ ይላል። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረው? ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሁልጊዜ ነው ወይስ መኪናዋ ስትንገጫገጭ? ሞተሩ ሲነሳ የሚጨምር ጩኸት አለ? እኛም ክፍል ውስጥ ለበሽተኛ የምናቀርበው ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ወዲያው ወደድኩት። አሮጌ መኪና ያላችሁ እንድትጠቀሙበት ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ኃይል መድረሱን አየ። በቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ጫፎቹ ዝገትና ነጭ ዱቄት ይዘው እንደሆነ ተመለከተ። በቴስተር ሲለካ ደህና የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12 ነጥብ 6 ገደማ፣ ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ወደ 14 ይጠጋል። ቀጥሎ ፊውዞቹን አወጣ። የድሮ ቮልስ ፊውዝ ትንሽ ጥይት የሚመስል ነው፤ ሳይቃጠል ጫፉ ብቻ ዝጎ ኤሌክትሪክ ሊከለክል ይችላል፤ አጽድቶ መመለስ ይበቃዋል። ከዚያ የራዲዮው ኔጋቲቭ ገመድ የመኪናዋን ብረት በደንብ መንካቱን አረጋገጠ። ቀለምና ዝገት በመካከል ከገባ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ጩኸት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ የሚያካፍለው ቁልፍ መሃል ላይ መሆኑን አየ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆች ነካክተውት አባወራው ጠጋኝ ቤት ለጠጋኝ ቤት የሚንከራተትበት ጊዜ ብዙ ነው ብሎ አሳቀን። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ቁልፍም ብዙ ጊዜ አቧራ ስለገባበት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ዋናው ነው። ከራዲዮው ጀርባ የግራውንና የቀኙን ስፒከር ገመድ አቀያየራቸው። «አሁን የቀኙ ዝም ካለ ጥፋቱ የራዲዮው ነው፤ የግራው አሁንም ዝም ካለ የስፒከሩ ወይም የገመዱ ነው» አለን። የግራው ዝም አለ። የስፒከሩን ሁለት ጫፎች በ1 ነጥብ 5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ነካ ሲያደርጋቸው «ጧ» አለ፤ ስለዚህ ስፒከሩ በሕይወት አለ። የቀረው ገመዱ ነው። በእርግጥም በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚታጠፍበት ቦታ ከላስቲኩ ውስጥ ተበጥሶ ተገኘ። በየደው፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ግራና ቀኙ እኩል ዘፈኑ። ከፍለን፣ አመስግነን ተመለስን።

በእሁዱ ባለቤቴ ራዲዮውን ከፈተና «የግራው አሁንም አይሠራም» አለ። ተመለስን። ልጁ ፈትሾ ምንም አጣ። በሳምንቱ ደግመን ሄድን። በሦስተኛው ባለቤቴ ትዕግሥቱ አለቀና ሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ ገንዘቤን በልተህ አታለልከኝ» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ፋዘር፣ እየሠራ ነው እኮ» ብቻ አለ። «እኔን ደንቆሮ ልታደርገኝ ነው?» ብሎ ጮኸበት።

ይህን ጊዜ የልጅ ልጃችን ከኋላ ወንበር «አባባ፣ እኔ በሁለቱም እሰማለሁ» አለ።

ያን ጊዜ የራሴን ሙያ አስታወስኩ። በርጩማ አስመጣሁና ባለቤቴን ከግራው በር አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀኝ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጋ «ይሰማል» አለ። ግራ ጆሮውን ሲያስጠጋ ዝም አለ። ወደ ቀኙ በር ወሰድኩት፤ በዚያም ስፒከር ግራ ጆሮው አልሰማም። ልጁ ገመዶቹን ሲያቀያይር ያስተማረን ነገር ነው፤ ጥፋቱ ስፒከሩን ትቶ ጆሮውን ተከትሎ ሄደ። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚለየው ሁለቱ ጆሮዎቹ የሰሙትን በማነጻጸር ስለሆነ፣ አንዱ ሲደክም ሁሉም ነገር ከሌላው ወገን የመጣ ይመስለዋል። ገመዱ ተበጥሶ ነበር፤ እውነት ነው። ጆሮውም ደክሞ ነበር። ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ ሲገጥም የመጀመሪያውን አግኝቶ ማቆም የሐኪም ቤትም የጋራዥም ስህተት ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው አፈርኩ። ስልክ ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮው ነበር የሚያነሳው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። የዕድር ስብሰባ መሄድ አቁሞ ነበር፤ «ሰዎቹ ያንሾካሹካሉ» ይለኝ ነበር። ልጁ ሲያወራው በማይሆን ቦታ ይስቃል፣ ወይ ዝም ይላል፤ እኛ ደግሞ ተቆጥቶ ነው ወይም መርሳት ጀምሮታል እያልን እንሾካሾክ ነበር። አንድ ቀን ካዛንቺስ ላይ ከግራ በኩል ክላክስ ሲነፋበት አንገቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር አይቼዋለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ነርስ ሆኜ ይህን ሁሉ «እርጅና ነው» ብዬ አለፍኩት።

የአንገት በላይ ሐኪም ሲያየው የግራ ጆሮው በደረቀ ኩክ ተደፍኗል። ጆሮውን በክብሪት እንጨትና በመኪና ቁልፍ የማጽዳት ልማድ ነበረው፤ ይህ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣም። ለቀናት ማለስለሻ ጠብታ ተሰጠውና ወጣለት። ከዚያ የመስማት ምርመራ ሲደረግለት በሁለቱም ጆሮዎቹ ቀጭን ድምፆች እንደቀነሱበት ታወቀ። ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ስለሚቀር ሰውየው «ይሰማኛል ግን አይገባኝም» ይላል፤ የሴትና የሕፃን ድምፅ፣ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ፊደላት ቀድመው ይጠፉበታል። የእናቱ ድምፅ የራቀው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ያለውን አዛውንት እዩ። ጆሮ ውስጥ እንጨት፣ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦም ሆነ ጥጥ አታስገቡ። መግል ወይም ሕመም ካለ፣ ወይም ታምቡሩ ተቀድዶ የሚያውቅ ከሆነ ዘይትም ሆነ ጠብታ በራሳችሁ አትጨምሩ። ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጆሮ ካልሰማ ግን ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ጆሮውን ሊያተርፍ ይችላል። እንደ ጀንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎችም መስማትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ለሐኪሙ ንገሩ።

ለልጆችም አስቡ። 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ግን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በመኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ሳትጮኹ መነጋገር ካልቻላችሁ ራዲዮው በዝቷል። ሞተር ብስክሌት ለሚነዱ ልጆቻችሁም ንገሯቸው፤ በፍጥነት ሲነዱ ንፋሱ ብቻውን ጆሮ ይጎዳል፤ በዚያ ላይ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ ጉዳቱን ይጨምራል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ኩኩ በወጣ በማግስቱ ባለቤቴ እኔን ሳያማክር ወደ ጠጋኙ ሄደ። በሰደበው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች እያሉ፣ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ የተበላሸው እኔ ነበርኩ» አለው። ልጁም «ኧረ ፋዘር፣ ምንም አይደል» ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አንስቶ ሳመው።

ባለፈው እሁድ ካሴቱን ከፈትነው። ድምፁ እንደ በፊቱ አልጮኸም። አማቴ «ውለዱ፣ ክበዱ» ስትል ባለቤቴ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማትና እስክትጨርስ አዳመጠ። አሁን ለመስሚያ መሣሪያ ቀጠሮ ይዘናል፤ መጀመሪያ «አላደርግም» ብሎ ነበር፤ የልጅ ልጁ ነው ያሳመነው።

ሳምንት ሰው ይበለን።