ሚጅ ዩርን አየነው፤ ቂማችንንም ይዘን ነበር

ሰሞኑን ሚጅ ዩርን በመድረክ አየነው። ማን ነው ለምትሉ፣ የ«አልትራቮክስ» ድምፃዊ የነበረው ስኮትላንዳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ከቦብ ጊልዶፍ ጋር ስለ ረሃባችን የተዘፈነውን የገና ዘፈን የጻፈው። ዕድሜው ሰባን አልፏል። «ቪየና»ን ሲዘፍን ግን ለትኬቱ የከፈልነው አልቆጨንም።

እውነቱን ለመናገር የሄድነው ቂም ይዘን ነው። የላሊበላን ሕዝብ ገና መሆኑን ያውቅ ይሆን ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ይህን ዛሬም አልተውነውም።

ይሁን እንጂ ስንሰማው ሌላ ነገር ትዝ አለን። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለን የ1977 ዓ.ም.ን ጥራዝ አገላብጠን ነበር። የመስከረሙ ገጽ ሁሉ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ የኢሠፓ ምሥረታ፣ ሰልፍና ባንዲራ ነው። ወሎና ትግራይ በዚያው ወር ያልቁ ነበር። ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረምን ለዓለም አሳየ፤ ጊልዶፍ አይቶ ለዩር ነገረው፤ ኅዳር ላይ ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ተቀረጸ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ግጥሙ የተሳሳተ ነው። የኛ ጋዜጣ ግን ስህተት እንኳ አልጻፈም፤ ዝም አለ።

ያኔ ተማሪ ነበርን እንበል። በ1995ቱ ድርቅስ? አንድ ዘጋቢ «ረሃብ» ብሎ ያመጣውን ሰርዘን «የምግብ እጥረት» ያልነው እኛው ነን። ማንም ስልክ አልደወለልንም። ልማድ ነው።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ስለ ገናው ልንጠይቀው ያሰብነውን ጥያቄ ይዘን በር ላይ ቆምን። ጥቂት ቆይተን ወደ ባቡሩ አመራን።