የተያዘ ሁሉ ወንጀለኛ ነውን?

«ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ በባሕር ዳር ገበያ በተሰማ ጊዜ፥ ምን እንደ ጠፋና ማን እንደ ወሰደው ሳይጠይቅ ዱላ የሚያነሣ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ይህ ልማድ ለጸጥታችን ጠንቅ ነው እላለሁ።

በቀድሞ ዘመን አባቶቻችን ወንጀለኛን የሚፈልጉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ፥ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ይመረመር ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አውጫጭኝ የጎረቤትን ምስክርነት ስለሚያወጣ ጥቅም አልነበረውም አይባልም። በሌባ ሻይ የተያዘ ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከር? የሰከረ ብላቴና ምስክር ሆኖ አይጠየቅም።

ከዚያ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ፖሊስ የተያዘውን ሰው መልስ እንዲሰጥ እንዳያስገድደው፥ ያለመናገር መብት እንዳለውም እንዲነግረው አዘዘ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚራንዳ ጉዳይ ተመሳሳይ ግዴታ በፖሊስ ላይ የጣለው በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚህ ነገር አገራችን ቀድማ ነበር ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ እስኪፈረድበትም ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ይደነግጋል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ሥራው መከፈሉ ነው። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ዳኛ ይፈርዳል። በመንገድ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ግን ሦስቱንም ሥራ በአምስት ደቂቃ ልጨርስ ይላል።

«ፖሊስ ቢወስደው ነገ ይለቀቃል» የሚሉ አሉ። ነገሩ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ምስክር ካልቀረበ ዳኛው በምን ይፍረድ? ዱላ ያነሣው ሰው እኔም በድብደባ እጠየቃለሁ ብሎ ስለሚፈራ ከምስክርነት ይሸሻል። ሌባውን ነጻ የሚያወጣው እንግዲህ ደብዳቢው ራሱ ነው። ደግሞም በዋስ መለቀቅ ከክስ መዳን አይደለም።

ሕዝብን በዚህ ከወቀስን፥ መሣሪያ የያዘውንም በዚያው ሚዛን ልንመዝነው ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዶ ነበር። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት፥ ጭካኔ የተሞላበትን አያያዝ የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ አይታገድም። ይህን የማያውቅ ሕዝብ ሲበደል አቤት ለማለት አይችልም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች እነዚህን አንቀጾች ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለኑሯችን እንማራቸው። ለወላጆቻችንና ለጎረቤቶቻችንም እንንገራቸው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ቢገኝ ሳንመታው ለፖሊስ እናስረክብ፤ ያየነውንም ለመመስከር ስማችንን እናስመዝግብ። ዛሬ በጥርጣሬ ብቻ የሚደበደበው ሌላ ሰው ቢሆን፥ ነገ ወንድማችን ላለመሆኑ ዋስ የሚሆነን ማን ነው?