ጨርቁን ማን ይሰር?

ክረምት ሲገባ ተማሪው እረፍት ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላይም የየሰፈሩ የእግር ኳስ ውድድር ይደምቃል። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ደጋፊውን በጋቢ ያስጠቀልላል። ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን ጠርዙ ላይ ቆሜ አየሁ።

ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። የተቀጣው ቡድን አምበል፣ ጎል አግቢው ልጅ፣ ክንዱ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ፈትቶ መሬት ላይ ወረወረና ይጮህባቸው ጀመር። እሱን ያዩ ስድስት ሰባት ልጆች ዳኛውን ከበቧቸው። አንዱ ገፈተራቸው። ይሄኔ አንድ ቀጭን ተከላካይ መሃል ገብቶ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰ፤ “ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አረጋጋቸዋለሁ” አለ። ከዚያ ጨርቁን ከጭቃው አንስቶ በማልያው ጠረገና ለባለቤቱ አሰረለት።

ልጆቹ ሲወጡ አምበሉን ማን እንደመረጠው ጠየቅኳቸው። “ማልያ የገዙልን ሰውዬ” አሉኝ።

ይህ አሳዘነኝ። ልጆቹ የሚሰሙት ማንን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁና። የጨዋታው ሕግ ለአምበል የተለየ መብት አይሰጠውም፤ ለቡድኑ ጠባይ ግን በተወሰነ ደረጃ ተጠያቂ ያደርገዋል። በ2016 ዓ.ም. ጀርመን ባስተናገደችው የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ ስለ ውሳኔ ዳኛውን ቀርቦ የሚያናግረው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ በረኛው አምበል ከሆነ ሌላ ተጫዋች ይወከላል። እንግዲህ ምርጫው መውደቅ ያለበት መናገር በሚችል፣ ሌላውንም ዝም ማሰኘት በሚችል ሰው ላይ ነው። ጎል ማግባት ሌላ ሙያ ነው። የጎጃም ገበሬ ለእርቅ ሽማግሌ ሲፈልግ የበሬውን ብዛት አይቆጥርም፤ ሰው ሲቆጣ የሚያበርደውን ይጠራል።

በአምበል ጉዳይ ከቡድኑ ውጭ የሚገባ እጅ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ የአሥመራ ልጅ። ክልስ ነው ብለው ዋንጫውን እሱ እንዳይቀበል የፈለጉ ባለሥልጣናት ነበሩ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ አሻፈረኝ አሉ። ጥር 13 ቀን ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ስለዚያ ቀን ሲወራ ጎሎቹ ይነሳሉ፤ እኔ ግን ይድነቃቸው ለአምበላቸው መቆማቸውን ከጎሎቹ አላሳንሰውም።

ማልያ የሚገዙልን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እነሱ ብዙው ቡድን ሜዳ አይገባም። አምበል መሾም ግን ሥራቸው አይደለም። የሰፈር አሠልጣኞች ሆይ፣ የዘንድሮው ውድድር ሳይጀመር ለልጆቹ ብጣሽ ወረቀት አድሉና የሚመርጡትን አምበል ስም አስጽፏቸው። ያ ቀጭን ተከላካይ በየቡድናችሁ አለ፤ ልጆቹ ያውቁታል።