288 ሰው ወይስ አንድ ኪቦርድ?



ሰሞኑን በመዘምራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ እየተላከ ነው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ «ናም» የሚባል የሙዚቃ መሣሪያዎች የንግድ ትርኢት አለ። ትርኢቱን የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። አዲስ የወጣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር ሁሉ እዚያ ይቀርባል፤ ከዚያ ደግሞ በስልካችን ተሳፍሮ ድሬ ዳዋ ይደርሳል። ከአንዱ ቪዲዮ ሥር አንድ ወንድማችን «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህ ያስፈልጋታል፤ ቃል እንግባ!» ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ «አሜን» በ«አሜን» ሆነ።

እኔ አሜን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ግሩፑ ላይ ብጽፈው ጠብ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚህ ረጋ ብዬ ልናገር።

አስቀድሜ እውነቱን ልመስክር፤ ያየሁት ነገር ልብ ይሰርቃል። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው «ኦስሞስ» የተባለ ኪቦርድ አለ። ቁልፉን ወደ ታች ስትጫነው ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ስታወዛውዘውም ድምፁ ይለወጣል፤ ሰው ሲያዜም እንደሚያደርገው ይንቀጠቀጣል፣ ይሳባል። የለንደኑ «ሮሊ» ደግሞ የተለመዱትን ቁልፎች ትቶ ጣት የሚንሸራተትበት እንደ ጎማ የለሰለሰ ገበታ ሠርቷል። ለአጃቢነት የተሠሩት እነ ያማሃ ጄኖስ 2 እና ኮርግ ፓ5ኤክስማ ሌላ ነገር ናቸው። በግራ እጅህ አንድ ኮርድ ያዝ፤ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ቫዮሊኑ ተከትሎህ ይመጣል። የኳየር ድምፅ እንኳ አለው። በአንድ ሰው ጣት አንድ ሙሉ ባንድ!

ፈገግ ያሰኘኝም ነገር አለ። እነዚያ ጠቢባን በስንት ድካም በኪቦርድ ላይ ሊያመጡት የሚሹትን የድምፅ መሳብና መንቀጥቀጥ፣ በፈረስ ጭራ የሚሠራው ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ሲያደርገው ስንት ዘመኑ ነው! የእኛ ልጆች ደግሞ የማሲንቆን ድምፅ በፍላሽ ገልብጠው ኪቦርድ ላይ ይጭናሉ። ማሲንቆ የሚችለው ወንድም ግን መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን መሣሪያ ድምፅ ከስፒከር ይሰማል።

ይህን ስል «ኪቦርድ የዓለም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ» የሚሉ ወገኖች «ይኸው ከእኛ ጋር ሆነ» ብለው ደስ እንዳይላቸው። ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። በመጽሐፍ ቅዱስ በገናና መለከት ለሚይዙት አባት ሆኖ የተጠቀሰው ዩባል ከቃየን ዘር ነው (ዘፍ. 4፥21)። ነገር ግን ዳዊት በገናን «የቃየን ልጆች ሥራ ነው» ብሎ አልጣለውም፤ አንሥቶ ለእግዚአብሔር ደረደረበት። ኤልሳዕም ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና የሚደረድር ሰው እንዲያመጡለት ጠይቋል (2ኛ ነገ. 3፥15)። በቅርቡ ዘመን ታሪክም ሎረንስ ሃሞንድ የተባለው አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣውን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ግን ትልቁን የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም ያጠራቸው አብያተ ክርስቲያናት ተቀበሉት። በጥቁር አሜሪካውያን አጥቢያዎችም የአምልኮው መለያ ድምፅ እስከ መሆን ደረሰ። ኤሌክትሪክ መሆኑ ኃጢአት አላደረገውም። ሽቦ አይረክስም፤ አይቀደስምም። የሚረክሰውም የሚቀደሰውም ልብ ነው።

ታዲያ ጠቡ ከምን ጋር ነው?

1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን ክፈቱ። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ዝማሬ ሲያዘጋጅ ያደረገውን አንብቡ። ለእግዚአብሔር መዘመርን የተማሩ፣ ብልሃተኞች የሆኑ ሰዎች ተቆጠሩ፤ ቁጥራቸው 288 ሆነ (ቁ. 7)። ዕጣም ሲጣልላቸው ታናሽና ታላቅ፣ አስተማሪና ተማሪ አልተለየም (ቁ. 8)። ዳዊት ንጉሥ ነበር፤ ወርቅና ብር ሞልቶታል፤ ዕቃ መግዛት አያቅተውም። መሣሪያም ራሱ አሠርቷል (1ኛ ዜና 23፥5)። ነገር ግን ምዕራፉ የሚዘረዝረው ስም በስም ሰዎቹን ነው። ሀብቱ ሰው ነበር።

እኛስ? ዳዊት 288 ሰው አሰለጠነ፤ እኛ የ288 ሰው ድምፅ የሚያወጣ አንድ ዕቃ ልንገዛ ቃል እንገባለን። ክርክሬ ይህ ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ክፋቱ ሰው መተካት ሲጀምር ነው።

አንድ ምሳሌ ከአገራችን ሙዚቃ ልጥቀስ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ7 እና የሪትም ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ማሽኑ የሞላው በአጠገቡ ያልነበሩትን ሰዎች ቦታ ነው። ሰውየው በሰው አገር ነበር፣ ባንዱም ተበትኖ ነበር። እኛ ግን ሰዎቹ አጠገባችን አሉ! ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከለገሃሬ፣ ከመጋላ የሚመጡ ልጆች በየእሁዱ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ያለውን ሰው እንደሌለ የሚያስቆጥር ዕቃ መግዛት ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ባለፈው ግንቦት የሆነውን ልንገራችሁ። ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ነበርን። የድሬን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ። በመዝሙሩ መካከል መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ ኪቦርዱ ፀጥ አለ። አምልኮ መሪዋ የማይሠራ ማይክ እንደ ያዘች ቀረች። የእኛ አፍም ከኪቦርዱ ጋር አብሮ ጠፋ። ግጥሙን ከግድግዳ ላይ ማንበብ ለምደን በቃላችን አናውቀውም፤ ድምፅ የሚሰጠን ኪቦርዱ ስለነበር ከየት እንደምንጀምርም ግራ ገባን። በጨለማ ውስጥ የሚሰማው በወረቀት የማራገብ ድምፅ ብቻ ነበር። እውነት ለመናገር አፈርኩ።

ከዚያ ከኋላ አንዲት እናታችን በአፋን ኦሮሞ አንድ አሮጌ መዝሙር ጀመሩ፤ በጭብጨባ ብቻ። ሁለት ሦስት እናቶች ተቀበሏቸው። እልልታ ተሰማ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሮጦ ከዕቃ ቤት ከበሮውን አወጣ፤ አቧራው በጨለማ እንኳ ይሸት ነበር። ይህ ልጅ በከበሮ እንደሚያገለግል ማንኛችንም አናውቅም ነበር፤ ማን ጠይቆት! በቀጣዮቹ ደቂቃዎች የዘመርነውን ያህል ከዘመርን ቆይተናል። ቃሉን የማያውቅ ሶማሊኛ ተናጋሪ ወንድማችን ዜማውን ይዞ በራሱ ቋንቋ ጌታን ያመሰግን ነበር። መብራት ሲመጣ ሁላችንም ወደ መድረኩ አየን። ኪቦርድ የሚያገለግለው ወንድማችን እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ፤ ከዚያ መለሰው። ወርዶ ከእኛ ጋር ቆመና አጨበጨበ።

ያ ወንድም በሳምንት አራት ፕሮግራም ያገለግላል። ተተኪ የለውም። ቢታመም አምልኮው ይታመማል፣ ቢጓዝ ኳየሩ ይሰረዛል። ሁሉን የሚችል ዕቃ ስንገዛ ሁሉን የሚሸከም አንድ ሰው እየፈጠርን ነው። ይህ ለእርሱም ፍቅር አይደለም።

«ለእግዚአብሔር ጥራት ያለው ነገር ይገባዋል» ትሉኛላችሁ። አዎን፣ ይገባዋል። መዝሙር 33፥3 በጥበብ እንድንደረድር ያዝዛል። ጥበብ ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም፤ በእጅ ላይ በልምምድ ይቀመጣል። የፋብሪካ ስታይል የጃፓን ወይም የአሜሪካ ሪትም ያውቃል፤ የእኛን ችክችካ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ተቀምጦ ካልሠራለት አያውቅም። ስለዚህ ጥራት ብንል እንኳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ልጁ ነው።

«አዲስ ነገር ካልገዛን ወጣቱ ይሸሻል» ትላላችሁ። ወጣቱ የሚሸሸው ኪቦርዱ ስላረጀ ይመስላችኋል? ለእጁ ሥራ፣ ለድምፁ ቦታ ስላጣ ነው። ድራሙም ቤዙም ከአንድ ሣጥን ከወጣ፣ ድራም መማር የሚፈልገው ልጅ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሊያይ! ማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ዩቲዩብ ከእኛ ይበልጣል።

ድሬ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ከደረሰ ጀምሮ አዲስ ዕቃ ቀድሞ ማየት ልማዳችን ነው፤ ታይዋን ገበያን የሚያውቅ ይህን አይክድም። ዕቃ መውደድ ግን ደጅ ላይ ይቁም፤ መሠዊያው ጋ አይድረስ። የምንለው ኪቦርድ በውጭ አገር ዋጋ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ገንዘብ የአንድ የገጠር ወንጌላዊ የስንት ዓመት ደመወዝ እንደሆነ ሽማግሌዎቻችን ያስሉት። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ስንት አዳፕተር እንዳቃጠለብንም አብረው ያስሉ።

በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወላጆቻችን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶን የመሰሉት ስለ እምነታቸው ለዓመታት ታሰሩ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ አልነበራትም፤ ዝማሬ ግን አላጣችም። እኛ ሁሉ ነገር ኖሮን መብራት ሲጠፋ አፋችን ከተዘጋ ችግሩ የመብራት ኃይል አይደለም።

ከዚያ ከናም ትርኢት መማር ካለብን አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 እዚያ ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሣሪያዎች፣ የአሜሪካው ሲኩዌንሻልና የጃፓኑ ሮላንድ፣ በአንድ ቀጭን ገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲመታ ሌላው አብሮ ዘመረ። «ሚዲ» ይሉታል። ያስማማቸው ቋንቋ ማንም ኩባንያ የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል እንዲጠቀምበት ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። በትርኢቱ ታሪክ ትልቅ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ነበር። ነጋዴዎች ይህን ከተረዱ የክርስቶስ አካል እንዴት ያቅተው?

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ እንዳይሆን ምክሬን ላስቀምጥ። ያለን ኪቦርድ ይሠራል፤ ይጠገን። አዲስ ቃል ከመግባታችን በፊት በእርሱ ላይ ሦስት ልጆች ይሰልጥኑ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ልጅ ትሁን። ከበሮው ከዕቃ ቤት ይውጣ። ክራርና ማሲንቆ የሚችል ካለ ይጠራ። ኪቦርዱ ላይ ድራሙና ቤዙ ይጥፋና ሰው ይጫወተው፤ መጀመሪያ ቢሳሳትም እንታገሠው። በወር አንድ እሁድ ሳውንዱን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን በአፋችን፣ በጭብጨባና በከበሮ ብቻ እንዘምር፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም። ይህን ሁሉ አድርገን ከዚያ በኋላ የልጆቹ ችሎታ ከዕቃው በላይ ካደገ፣ ያኔ አዲሱን ለመግዛት ቃል ከሚገቡት የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ።

አንተ ገና ጌታን እየፈለግህ ያለህ፣ አንቺም ከመጨረሻው ወንበር የምትሰሚ፣ ይህ የውስጥ ጉዳያችን ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ወደ እኛ ስትመጡ የምታዩት ትርኢት ከሆነ ተመልካች ሆናችሁ ትቀራላችሁ። እግዚአብሔር የሚፈልገው ግን የእናንተን ድምፅ ነው፤ የተሰበረም ቢሆን፣ ዜማ የሳተም ቢሆን። ማንም ኩባንያ ያንን ድምፅ አልቀዳውም።

በአሞጽ ዘመን በገናው አልጎደለም፤ ዜማውም አላነሰም። እግዚአብሔር ግን የዝማሬያቸውን ጩኸት ከፊቱ እንዲያርቁ ነገራቸው፤ የፈለገው እንደ ወንዝ የሚፈስ ፍርድና ጽድቅ ነበር (አሞጽ 5፥23-24)። ደቻቱ ለወራት ደርቆ ሲቆይ የምናውቅ የድሬ ልጆች፣ የማይደርቅ ወንዝ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባናል።

ጌታ ሆይ፣ ዕቃ ሳንሰበስብ ሰው እንድንሰበስብ እርዳን። መብራት ሲጠፋም የማይጠፋ ዝማሬ ስጠን። አሜን።